ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ? የአርሊንግተኑ ቤትና ባለቤቶቹ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሰዎች እንግዳ ሲመጣብን መጀመሪያ የምንወስደው ሊንከን መታሰቢያ ነው። ፎቶው ተነስቶ ሲያልቅ ወደ ሕንፃው ጀርባ ዞር በሉ። ፖቶማክ ወንዝን የሚሻገር ሰፊ ድልድይ አለ። ከድልድዩ ማዶ ኮረብታ፣ ኮረብታው አናት ላይ ደግሞ ወፋፍራም ዓምዶች የተደረደሩለት፣ የጥንት የግሪክ ቤተ መቅደስ የሚመስል ቤት ይታያል። እንግዳው «ያኛውስ የማን ነው?» ማለቱ አይቀርም።

«የጄኔራል ሊ ቤት ነው» እንላለን፤ እናልፋለን። መንግሥትም የሚለው ይህንኑ ነው። የቤቱ ሕጋዊ ስም «አርሊንግተን ሃውስ፣ የሮበርት ኢ. ሊ መታሰቢያ» ይባላል። ሮበርት ሊ ግን የዚህ ቤት ባለቤት ሆኖ አያውቅም። ለአንድ ቀን እንኳ።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የሊ ስም ከቤቱ ላይ ይነሳ የሚል ረቂቅ ሕግ ለኮንግረስ ቀርቦ ሲያነጋግር ቆይቷል። ክርክሩ ውስጥ ከመግባታችን በፊት አንድ ተራ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ቤቱ የማን ነበር? መልሱ ውስጥ ኑዛዜ አለ፣ አልቀበልም የተባለ ግብር አለ፣ ሐራጅ አለ፣ መንግሥትን የረታ ከሳሽ አለ። የቤትና የመሬት ክርክር ሲሰማ ላደገ አበሻ እንግዳ ታሪክ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማን ሠራው?

አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን የደቡብ ቤት «አንቴቤለም» ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ከጦርነቱ በፊት» ማለት ነው። ጦርነቱ ከ1861 እስከ 1865 ሰሜንና ደቡብ የተዋጉት የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ቃሉ ሲሰሙት ያምራል፤ ሰፊ በረንዳ፣ ትላልቅ ዓምዶች፣ ጥላ ያለው ግቢ ዓይን ላይ ይመጣል። ዓምዱን ማን አቆመው የሚለውን ግን አይናገርም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ነው። ባለቤቱ ማርታ እሱን ስታገባ ባሏ የሞተባት ባለጸጋ ሴት ነበረች፤ ልጆችም ነበሯት። አንደኛው ልጇ ጆን ፓርክ ከስቲስ በ1778 ከፖቶማክ ዳር 1,100 ኤከር መሬት ገዛ። በእኛ የድሮ ልክ ወደ 11 ጋሻ ይጠጋል። መሬቱን ሳይጠግበው በ1781 በካምፕ ወረርሽኝ ሞተ። ገና ጡት ያልጣለ ልጅ ትቶ ነበር። ልጁን አያቱ ማርታና ጆርጅ ዋሽንግተን ማውንት ቨርነን ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ስሙም ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ከስቲስ ነው።

አያቱ በ1802 ስትሞት ልጁ 21 ዓመት ሞልቶት ስለነበር ውርሱን ተረከበ። መሬቱን ብቻ አይደለም፤ ሰዎችንም ጭምር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጆርጅ ዋሽንግተን በኑዛዜው ባሪያዎቹን ነፃ አውጥቷል ይባላል፤ እውነት ነው። ነፃ ማውጣት የሚችለው ግን የራሱን ብቻ ነበር። ከማርታ የመጀመሪያ ባል ንብረት የመጡት በሕግ የከስቲስ ዘር ሀብት ስለነበሩ ለልጅ ልጆቿ ተከፋፈሉ። አባት ለአንዱ፣ ልጅ ለሌላው የደረሰበት ቤተሰብ ነበር።

ወጣቱ ከስቲስ አሳዳጊውን እንደ ታቦት የሚያይ ሰው ነበር። የዋሽንግተንን ድንኳን፣ ሥዕል፣ ሳህን ሳይቀር ሰብስቦ ነበርና እነሱን የሚያስቀምጥበት፣ ከከተማው ሁሉ የሚታይ ቤት አማረው። ንድፉን የሠራለት የካፒቶልን ግንባታ የተቆጣጠረው እንግሊዛዊው አርክቴክት ጆርጅ ሃድፊልድ ነው። መጀመሪያ የሰሜኑ ክንፍ ተሠራ፤ በ1804 የደቡቡ ተከተለ። ከዚያ ብሩ አጠረ። ሁለቱ ክንፎች መሐላቸው ባዶ ሆኖ ዓመታት ተቀመጡ። ዋናው መካከለኛው ሕንፃና ዓምዶቹ ያለቁት በ1818 ነው። ቤት ጀምሮ ፌሮው ሰማይ ላይ ቆሞ የቀረበት ሰው ይህንን ይረዳዋል።

ዓምዶቹን ቀርባችሁ ብታዩ ትገረማላችሁ። ከሩቅ እብነ በረድ ናቸው። እውነታቸው ጡብ ነው። በጡቡ ላይ ልስን ተለስኗል፣ በልስኑ ላይ የእብነ በረድ ጅማት የሚመስል መስመር በቀለም ተስሏል። ቤቱ የተሠራው ከወንዙ ማዶ ለሚያየው ሰው ነው ማለት ይቻላል። ጡቡን ያቆሙት፣ እንጨቱን የቆረጡት በባርነት የተያዙ ሠራተኞች ናቸው።

እነዚያ ሰዎች እነማን ነበሩ?

ከስቲስ በ1857 ሲሞት በሦስቱ እርሻዎቹ ላይ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ነበሩ፤ 63ቱ እዚሁ አርሊንግተን ላይ። ከትልቁ ቤት ጀርባ ዛሬም ሁለት ዝቅተኛ ቤቶች ቆመዋል። በአንዱ ክፍል ሰሊና ግሬይ ከባሏ ከቶርንተንና ከስምንት ልጆቿ ጋር ኖራለች። ስምንት ልጅ፣ አንድ ክፍል። ሰሊናን አትርሷት፤ እንመለስባታለን።

ሌላዋ ማሪያ ካርተር ናት። እናቷ አሪያና ካርተር በባርነት የተያዘች ሴት ነበረች። አባቷ ደግሞ ራሱ ከስቲስ። ማሪያ በ1821 ቻርልስ ሳይፋክስን ስታገባ ሠርጉ በትልቁ ቤት ሳሎን ተደረገ። ለባሪያ ሠርግ ሳሎን መክፈት የተለመደ አልነበረም፤ ሰውም የራሱን ግምት መገመቱ አልቀረም። በ1826 አካባቢ ከስቲስ ማሪያን ነፃ አውጥቶ ከርስቱ ወደ 17 ኤከር ሰጣት። በቃል ነው የሰጣት። ወረቀት አልጻፈላትም። ይህ ወረቀት አለመኖሩ በኋላ ምን እንዳመጣ እናያለን።

ታዲያ ሊ ምኑ ነበር?

አማች። የከስቲስ በሕግ የታወቀች አንዲት ልጁ ሜሪ በ1831 እዚያው ሳሎን ውስጥ ወጣቱን መኮንን ሮበርት ሊን አገባች። ከሰባቱ ልጆቻቸው ስድስቱ እዚሁ ቤት ተወለዱ። ሊ በውትድርና ከቦታ ቦታ እየዞረ ሠላሳ ዓመት ያህል ቤቴ ያለው ይህንን ነው፤ የአማቱን ቤት።

አማትየው ሲሞት ኑዛዜው ምን አለ? ቤቱንና መሬቱን ለሜሪ በሕይወት እስካለች ድረስ ትጠቀምበት ዘንድ ሰጠ። እሷ ስትሞት ለታላቁ የልጅ ልጅ ለከስቲስ ሊ እንዲያልፍ አዘዘ። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን የመሰለው መብት «አላባ» ይባላል። ቃሉ ራሱ ያስረዳል፤ ላም ማለብን አስቡት። ወተቱን መጠጣት ትችላለህ፣ ላሟን ግን መሸጥ ወይም ማረድ አትችልም፤ አንተ ስታልፍ ላሟ ወደ ባለቤቷ ትሄዳለች። ሜሪ አላቢ ነበረች። ልጇ ላሟን የሚጠብቅ ወራሽ ነበር። ሮበርት ሊ ደግሞ የኑዛዜው አስፈጻሚ ብቻ።

አስፈጻሚነቱ ግን ቀላል ሥልጣን አልነበረም። ኑዛዜው ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን አዝዟል። ለአራቱ የሊ ሴት ልጆች ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር ይሰጥ፤ ባሪያዎቹ ደግሞ ቢበዛ በአምስት ዓመት ውስጥ ነፃ ይውጡ። ከስቲስ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ዕዳ ነው ትቶ የሞተው። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ሊ መልሱን በሰዎቹ ጉልበት ፈለገው፤ አምስቱን ዓመት እስከ ጫፉ ሊጠቀምበት ወሰነ። ሰዎቹ በበኩላቸው ጌታው ሲሞት ነፃ ትወጣላችሁ የተባልን ነን ይሉ ነበር።

በ1859 ዌስሊ ኖሪስ፣ እህቱ ሜሪና አንድ ዘመዳቸው አምልጠው ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። ሜሪላንድ ውስጥ ተይዘው ተመለሱ። ዌስሊ ከጦርነቱ በኋላ በ1866 ታትሞ በወጣው ቃሉ ሊ ለወንዶቹ 50፣ ለእህቱ 20 ግርፋት እንዳዘዘ፣ ከግርፋቱም በኋላ ጀርባቸው በጨው ውኃ እንዲታጠብ እንዳደረገ ተናግሯል።

ሊ የነፃነት ሰነዱን የፈረመው ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ዲሴምበር 29 ቀን 1862 ነው። የሊንከን የነፃነት አዋጅ ሥራ ላይ ሊውል ሦስት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ሊ የደቡብ ጦር አዛዥ ነበር።

ቤቱ እንዴት ከእጃቸው ወጣ?

በኤፕሪል 1861 ቨርጂኒያ ከአሜሪካ ኅብረት ለመገንጠል ወሰነች። ሊ የሰሜኑን ጦር እንዲመራ ተጠይቆ ነበር። እዚሁ ቤት ፎቅ ላይ አምሽቶ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ጻፈ፤ በኤፕሪል 22 ወደ ሪችመንድ ሄደ። ዳግመኛ እዚህ ቤት አልገባም።

ጉዳዩ የፖለቲካ ብቻ አልነበረም። ኮረብታው ላይ መድፍ ቢጠመድ ኋይት ሃውስን መምታት ይቻላል። ስለዚህ የሰሜኑ ጦር ሜይ 24 ሌሊት ወንዙን ተሻግሮ ኮረብታውን ያዘ። ሜሪ ሊ ከዚያ ቀደም ብላ ወጥታ ነበር። ስትወጣ የቤቱን ቁልፍ የሰጠችው ለሰሊና ግሬይ ነው።

እስቲ አንድ አፍታ ይህችን ሴት አስቧት። በሕግ እሷ ራሷ ዕቃ ናት። በእጇ ግን የዋሽንግተን ቅርሶች የተቆለፉበት ክፍል ቁልፍ አለ፤ ዙሪያዋን ደግሞ ወታደር ሰፍሯል። ቅርሶቹ አንድ በአንድ መጥፋት ሲጀምሩ ሰሊና ወታደሮቹን ተቆጣች፤ ከዚያም ለጄኔራል ማክዱዌል የጠፋውን እየቆጠረች ነገረችው። የተረፈው ዕቃ ተጭኖ ዋሽንግተን ወደ ፓተንት ቢሮ ተወሰደ። በ1901 ለሊ ቤተሰብ ሲመለስ ሰሊና ገና በሕይወት ነበረች።

መያዝ ሌላ፣ ባለቤት መሆን ሌላ ነው። ወታደር ግቢ ውስጥ ስለሰፈረ ርስቱ የሱ አይሆንም። ወረቀቱን ያመጣው የ1862ቱ የግብር ሕግ ነው። ሕጉ በአመፀኛ አካባቢዎች ባለ መሬት ላይ ግብር ጣለ፤ ያልከፈለ ንብረቱ በሐራጅ ይሸጣል። በአርሊንግተን ላይ የተጣለው ግብር 92 ዶላር ከ7 ሳንቲም ነበር። ለእንዲህ ያለ ሀብታም ቤት የኪስ ገንዘብ ነው። ግብር ሰብሳቢዎቹ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፤ ባለንብረቱ ራሱ ቀርቦ ካልከፈለ አንቀበልም አሉ።

ሜሪ ሊ በቁርጥማት ተይዛ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናት። ያለችውም ከጦር ግንባሩ ወዲያ ነው። ዘመዷን ብር አስይዛ ላከችው። መለሱት። ውክልና አይሠራም፣ ራሷ ትምጣ። ቢሮ ለቢሮ ተመላልሶ «ባለጉዳዩ ራሱ ይቅረብ» የተባለ ሰው ስሜቱ ይገባዋል። በጃንዋሪ 1864 ርስቱ ለሐራጅ ወጣ። ገዢው አንድ ብቻ ነበር፤ ራሱ መንግሥት። ዋጋው 26,800 ዶላር። ሻጩም መንግሥት፣ ገዢውም መንግሥት።

የማሪያ ሳይፋክስ 17 ኤከርም አብሮ ሄደ። ወረቀት አልነበራትማ።

መቃብሩስ ለምን እዚያ ሆነ?

በ1864 ጸደይ የዋሽንግተን መቃብሮች በሞቱ ወታደሮች ሞልተው ነበር። የሰሜኑ ጦር የስንቅና ትጥቅ ኃላፊ ጄኔራል ሞንትጎመሪ ሚግስ ወንዙን ተሻግሮ ኮረብታውን ተመለከተ። ሚግስ ራሱ የጆርጂያ ተወላጅ ነው፤ በወጣትነቱ ከሊ ሥር ሠርቷል። አሁን ግን ሊን ከሃዲ ነው የሚለው።

ሜይ 13 ቀን የመጀመሪያው ሰው ተቀበረ፤ ከፔንሲልቬኒያ የመጣ ተራ ወታደር፣ ዊሊያም ክሪስትማን። እሱና ሌሎቹ የተቀበሩት ከቤቱ ራቅ ብሎ ነበር፤ ምክንያቱም ቤቱ ውስጥ ያደሩት መኮንኖች መቃብር አጠገባቸው እንዲሆን አልፈለጉም። ሚግስ ተቆጣ። መኮንኖች በሜሪ ሊ የጽጌረዳ አትክልት ዙሪያ እንዲቀበሩ አደረገ። በ1866 ደግሞ ከጦር ሜዳዎች የተለቀመ ማንነቱ ያልታወቀ የ2,111 ሰው አጽም በአትክልቱ ጥግ በአንድ ጉድጓድ ተቀብሮ ሐውልት ቆመለት።

ሐሳቡ ግልጽ ነው። አትክልት ይነቀላል፣ አጥር ይፈርሳል። ሬሳ ግን በቀላሉ አይነሳም። የሊ ቤተሰብ ቢረታ እንኳ መቃብር መካከል እንዴት ይኖራል?

ሜሪ ሊ በ1873 በጋ አንድ ጊዜ መጥታ አይታዋለች። ከሠረገላዋ አልወረደችም። ሰሊና ወጥታ ተቀበለቻት፤ ከጉድጓዱም ውኃ ቀድተው አጠጧት። በኖቬምበር ሞተች።

የዚህ ኮረብታ መቃብር ለእኛም አንድ ትዝታ አለው። በኖቬምበር 25 ቀን 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲቀበር ጃንሆይ በሙሉ የጦር ልብሳቸው ከዴጎል አጠገብ ቆመው ነበር። ያ ፎቶግራፍ በብዙ አበሻ ቤት ይታወቃል። የቆሙት ከዚሁ ቤት በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ነው።

ንጉሥ ይከሰሳል?

ሜሪ ስትሞት በኑዛዜው መሠረት ተራው የከስቲስ ሊ ሆነ። ጦርነቱ ላይ እሱም የደቡብ ጄኔራል ነበር፤ አሁን ኮሌጅ ያስተዳድራል። መጀመሪያ ለኮንግረስ አመለከተ፤ ማመልከቻው መሳቢያ ውስጥ ቀረ። በ1877 ወደ ፍርድ ቤት ሄደ።

እዚህ ላይ የሕጉን ዋና ቋጠሮ መፍታት ያስፈልጋል። አሜሪካ ከእንግሊዝ የወረሰችው አንድ መርሕ አለ፤ መንግሥት ራሱ ካልፈቀደ በስተቀር አይከሰስም። እኛ በአራት ቃል ጨርሰነዋል፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። የመንግሥት ጠበቆች ያሉት ይህንኑ ነው። ሐራጁ ትክክል ይሁን አይሁን አትጠይቁን፤ መሬቱን የያዘው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ አይከሰስም፤ መዝገቡ ይዘጋ።

የከስቲስ ሊ ጠበቆች መንገዱን በጎን ዞሩት። መንግሥትን አልከሰሱም። መሬቱ ላይ መንግሥትን ወክለው የተቀመጡትን ሁለት ኃላፊዎች፣ ካውፍማንና ስትሮንግ የሚባሉትን ከሰሱ። አንድ ባለሥልጣን ቤትህን ቀምቶ በር ላይ ዘበኛ አቆመ እንበል። ባለሥልጣኑን መክሰስ አትችልም። ዘበኛውን ግን «ቤቴ ላይ ምን ታደርጋለህ? ወረቀትህን አሳይ» ልትለው ትችላለህ። ዘበኛው የሚያሳየው ሕጋዊ ወረቀት ከሌለው ይወጣል።

ወረቀቱ ደግሞ ያው የሐራጁ ወረቀት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀደም ብሎ በሌላ መዝገብ ባለቤቱ ራሱ ይምጣ የሚለውን የግብር አሠራር ነቅፎት ነበር፤ ማንም ሰው ስለ ባለቤቱ ቢከፍል ግብሩ እንደቀረበ ይቆጠራል ብሎ። 92 ዶላሩን አልቀበልም ያለው ሰብሳቢ ነው፣ እንጂ ያልከፈለ ባለቤት የለም። ስለዚህ ሐራጁ ፈራሽ ነው።

በ1879 ቨርጂኒያ ላይ ጁሪው ለከስቲስ ሊ ፈረደ። መንግሥት ይግባኝ አለ። በዲሴምበር 1882 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ አጸናው። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፈው ሳሙኤል ሚለር፣ ሊንከን ራሱ የሾመው ዳኛ ነው። በዚህ አገር ከሕግ በላይ የሚሆን ሰው የለም፤ ሹም መሬት የሚወስደው በሕግ ሥርዓትና ተገቢውን ካሳ ከፍሎ ነው አለ። የአመፀኛው ጄኔራል ልጅ የአሸናፊውን መንግሥት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ረታው። ጦርነቱ ካበቃ ገና 17 ዓመቱ ነው። ስለ ሊ ቤተሰብ የፈለጋችሁትን አስቡ፣ እኔ ግን ይህንን ፍርድ ሳነበው ባርኔጣ ማንሳት ይዳዳኛል።

አሁን መንግሥት በሺዎች የሚቆጠር መቃብር በሰው መሬት ላይ ይዞ ቀረ። ከስቲስ ሊ ሬሳውን አንሱልኝ ማለት ይችል ነበር። አላለም። በ150,000 ዶላር ሸጠ። በ1883 ጸደይ መንግሥትን ወክሎ ርስቱን የተረከበው የጦር ሚኒስትሩ ነው፤ ስሙ ሮበርት ቶድ ሊንከን፤ የአብርሃም ሊንከን ልጅ። የሊ ልጅ ሸጠ፣ የሊንከን ልጅ ገዛ።

ወረቀት የሌላቸውስ?

ማሪያ ሳይፋክስ ከከስቲስ ሊ ቀድማ ነው መሬቷን ያስመለሰችው። ልጇ ዊሊያም በዋሽንግተን መንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ያውቅ ነበር። ኮንግረስ በ1866 በስሟ ልዩ ሕግ አውጥቶ 17 ኤከሩን መለሰላት። ሕጉ አባቷ ማን እንደሆነ አይናገርም፤ ክርክሩን ያሸነፈችው ግን ከስቲስ እንደ ልጁ ስለያዛት መሬቱን መስጠቱ የታመነ ነው በሚል ነው።

ሌሎቹ እንዲህ አልቀናቸውም። በዲሴምበር 1863 መንግሥት በዚሁ ርስት ደቡብ በኩል ከባርነት ለወጡ ሰዎች ፍሪድማንስ ቪሌጅ የሚባል መንደር መሥርቶ ነበር። የእንጨት ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ቤተ ክርስቲያን ነበረው። ታዋቂዋ የፀረ ባርነት ታጋይ ሶጆርነር ትሩዝ እዚያ ኖራ አስተምራለች። ለጥቂት ጊዜ የታሰበው መንደር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ፤ ሰዎቹም ቤት አደሱ፣ ዛፍ ተከሉ። ከ1887 ጀምሮ ልቀቁ ተባሉ። የማሪያ ሌላው ልጅ ጆን ካሳ ይከፈለን ብሎ ተከራከረ። በ1900 ኮንግረስ ለነዋሪዎቹ በሙሉ 75,000 ዶላር መድቦ መንደሩ ተዘጋ። ለከስቲስ ሊ ብቻውን ከተከፈለው ግማሹ መሆኑ ነው።

ከመንደሩ የወጡት ዛሬ ግሪን ቫሊና አርሊንግተን ቪው በሚባሉት ሰፈሮች ሰፈሩ። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ እንጀራ ልትገዙ ስትሄዱ የምታልፉት እነዚያን ነው። መቃብሩ ውስጥ ሴክሽን 27 ብትገቡ ደግሞ 3,800 ያህል ነፃ የወጡ ሰዎች ተቀብረዋል። በብዙዎቹ ድንጋይ ላይ ከስማቸው ሥር የተጻፈው «ሲቪልያን» ወይም «ሲቲዝን» ነው። ሲቲዝን ዜጋ ማለት ነው። ከነሱ ብዙዎቹ የሞቱት ሕጉ ዜጋ ከማለቱ በፊት ነበር።

ታዲያ የሊ ስም ከየት መጣ?

ከሽያጩ በኋላ ቤቱ ለአርባ ዓመት የመቃብሩ ቢሮ ነበር። በ1925 ኮንግረስ ከጦርነቱ በፊት ወደነበረው መልኩ ይመለስ አለ። ችግሩ፣ የቀድሞው መልኩ ምን ነበር? ለዚህ የተጠሩት ምስክሮች የሚገርሙ ናቸው። አንዱ ጀምስ ፓርክስ ነው፤ እዚሁ ርስት ላይ በባርነት ተወልዶ፣ የመጀመሪያዎቹን መቃብሮች በእጁ የቆፈረ ሽማግሌ። ጉድጓዱ የት፣ ጋጣው የት፣ መንገዱ በየት እንደነበር ነገራቸው። በ1929 ሲሞት በልዩ ፈቃድ እዚያው ተቀበረ። ሌሎቹ የሰሊና ግሬይ ሴት ልጆች ናቸው፤ የባሪያዎቹ ቤት ስንት ክፍል እንደነበረው ያረሙት እነሱ ናቸው።

ቤቱ በ1933 ወደ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ተዛወረ፤ ዛሬም በዚያው እጅ ነው። በ1955 ኮንግረስ የሊ መታሰቢያ አደረገው፤ የዛሬውን ስም ያገኘው በ1972 ነው። ስሙ በሕግ ስለወጣ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ታፔላ መንቀል አይችልም፤ የሚነሳውም በሕግ ነው። ስሙ ይነሳ የሚለውን ረቂቅ ከደገፉት መካከል በባርነት የነበሩትም የሊም ዘሮች ይገኙበታል። ይቆይ የሚሉት ደግሞ ታሪክ ስም በመፋቅ አይጠፋም፣ ሊም ከጦርነቱ በኋላ ለእርቅ ሠርቷል ይላሉ። የአርሊንግተን ካውንቲ ስሙን በ1920 የወሰደው ከዚሁ ቤት ነው፤ በ2021 ግን ዓምዶቹን ከአርማው ላይ አንስቷል።

በዚያው ዓመት ቤቱ ከሦስት ዓመት እድሳት በኋላ ተከፈተ። ከጀርባ ያሉት የባሪያዎቹ ክፍሎችም ታድሰዋል። እዚያ የምታዩት የሰሊና ፎቶግራፍ በ2014 የተገኘ ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ ኢቤይ ላይ ሲያስስ ነው ያየው፤ ከእንግሊዝ አገር ለሽያጭ የቀረበ አሮጌ ፎቶ። አንዲት ሴት ከሁለት ልጆች ጋር ቆማለች። ጀርባው ላይ በእጅ ጽሑፍ «የጄኔራል ሊ ባሪያዎች፣ አርሊንግተን» ይላል። ስሟ የለም። ፊቷን ግን አወቀው።